ከመፍታታችሁ በፊት ነቅንቁት፦ ያረጀ ቦል ጆይንትን ቤት ውስጥ ስለመቀየር

በሰሜን ቨርጂኒያ ለተሰበሰቡ ሾፌሮችና ባለመኪናዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። «መካኒክ ይመጣል» ተብሎ ስለተነገረ መኪናቸውን ውጭ አቁመው «እስቲ አንዴ ስማት» ሊሉኝ የመጡ እንዳሉ አውቃለሁ። እሺ፣ ስንጨርስ እሰማታለሁ። አሁን ግን ቁጭ በሉ።

የዛሬው ወሬያችን ከፊት ጎማ ስር ኳ ኳ የሚለው ነገር ነው። ስፒድ በምፕ ስትወጡ፣ ጉድጓድ ስትገቡ፣ ወይም ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን ሙሉ አዙራችሁ ስትነሱ የሚሰማው። ድምፁ ሲጀምር አብዛኞቻችን ሬዲዮውን ከፍ እናደርጋለን። ከዚያ የኢንስፔክሽኑ፣ የመኪና ደህንነት ምርመራው፣ ወር ይደርሳል።

ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ነው። 20 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ መኪናው ይነሳል፣ ጎማው ይነቀነቃል። የፊት ጎማውን የሚይዘው መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ከተፈቀደው በላይ ከተንቀሳቀሰ «አላለፈም» የሚል የሪጀክሽን ስቲከር ይለጠፍና 15 ቀን ይሰጣችኋል። በዚያ ውስጥ አሰርታችሁ እዚያው ጣቢያ ብትመለሱ ድጋሚ ምርመራው 1 ዶላር ነው። የሚያስለቅሰው ጥገናው ነው። በዚህ አካባቢ ለአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ከ150 ዶላር በላይ የሚጠይቁ ጋራዦች ሞልተዋል።

ስለዚህ «ለምን እኔው ቤቴ አልቀይረውም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። መልሴ ብዙ ጊዜ «ቀይረው» ነው። ግን ሰዉ ስራውን ከጭራው ይጀምራል። መጀመሪያ ቪዲዮ ያያል፣ ዕቃ ያዛል፣ ጎማ ይፈታል፣ በመጨረሻ ምን እንደተበላ ያያል። ብሎን መፍታትማ ጉልበት ነው። ዋናው ስራ የተበላው የትኛው እንደሆነ መለየትና መኪናው ክብደቱን የት ላይ እንደጣለ ማወቅ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ግማሹን ጨርሷል፤ ሳያውቅ የገባ ደግሞ ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይ ይጎዳል።

የፊት ጎማ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይፈለግበታል። ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከመሪው ጋር ግራና ቀኝ ይዞራል። ሁለቱንም እንዲችል የሚያደርገው ቦል ጆይንት ነው። አገር ቤት ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቴስቲና ሲሉ ትሰማላችሁ። የዳሌያችንን መገጣጠሚያ ይመስላል፤ ክብ ራስ ያለው ብረት በጎድጓዳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በየአቅጣጫው ይዞራል። ውስጡ ግራሶ አለ፣ በላዩ ላይ የላስቲክ ሽፋን አለ፤ ቡት እንለዋለን። ቡቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ዕድሜው ረጅም ነው። ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ ውሃና አሸዋ ይገባል። እዚህ ደግሞ በረዶ በጣለ ቁጥር አስፋልቱ ላይ የሚረጩት ጨው አለ። ጨው የገባበት ቦል ጆይንት ብዙ አይቆይም።

አሁን ትንሽ ታሪክ ታገሱኝ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ድሮ መኪኖች ኪንግ ፒን ነበራቸው፣ የፊት ጎማው የሚዞርበት ቀጥ ያለ ወፍራም ብረት፤ ከባድ መኪና የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የፊት እግሩን በቦል ጆይንት ሰርቶ ለገበያ ያወጣው ሊንከን ነው፣ በ1952። ከዚያ ቀደም ብሎ ኧርል ማክፈርሰን የሚባል መሐንዲስ ጀነራል ሞተርስ ውስጥ ለአንዲት ትንሽ ሼቭሮሌት ሌላ መላ እያወጣ ነበር። መኪናዋ ሳትወጣ ቀረች። ሰውየው በ1947 ወደ ፎርድ ሄደ፤ መላው በ1950 እንግሊዝ ውስጥ በወጣችው ፎርድ ኮንሰል ላይ ታየ። ሞላውንና አሞርዛተሩን ስትረት በሚባል አንድ ዕቃ አጣምሮ ቀጥ አድርጎ አቆማቸውና የላይኛውን ክንድ አስቀረው። ዛሬ ውጭ ያቆማችኋቸው ኮሮላ፣ ካምሪ፣ ሲዬና፣ ፕሪየስ በሙሉ ፊታቸው በዚህ አሰራር ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በማክፈርሰን መኪና ክብደቱ የሚወርደው ከላይ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ግራና ቀኝ ክብ ሆኖ የሚታየው የስትረቱ ራስ በኩል። የታችኛው ቦል ጆይንት ክብደት አይሸከምም፤ ጎማው ከቦታው እንዳይሄድ ብቻ ይይዛል። ሌሎች መኪኖች ላይ ግን ሞላው የተቀመጠው በታችኛው ኮንትሮል አርም ላይ ነው፤ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ማለቴ ነው። እዚያ ቦል ጆይንቱ ተሸካሚ ነው።

የድሮ የዲሲ ታክሲ ነጂዎች እዚህ አላችሁ፤ ክራውን ቪክቶሪያን አትረሷትም። ከ2003 በፊት በተሰሩት ላይ ያ ወፍራም ሞላ በሻንሲውና በታችኛው አርም መካከል ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። አርሙን ከስሩ በክሪክ ሳትደግፉ ቦል ጆይንቱን ብትፈቱት ሞላው እንደ ጥይት ይወጣል። እጅ ይሰብራል፣ ራስ ላይ ከመጣ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። በኮሮላ ላይ ግን ሞላው በስትረቱ ውስጥ ታስሮ ስላለ የታችኛውን ቦል ጆይንት ስትፈቱ የሚዘል ነገር የለም። ያው አንድ ቪዲዮ አይቶ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

ፒክአፕ ያላችሁም ስሙ። በ2005 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ700,000 በላይ መኪኖችን በቦል ጆይንት ምክንያት ለጥገና መልሶ ጠርቷል፤ ሪኮል ይሉታል። የ2001 እስከ 2004 ታኮማ፣ የ2002 እስከ 2004 ተንድራና ሴኮያ፣ ፎርራነርም ነበረበት። ምክንያቱ ሲሰራ ኳሱ ላይ ጭረት ሊኖር ይችላል፣ ያም ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል የሚል ነበር። በነዚህ መኪኖች ላይ የታችኛው ቦል ጆይንት አቀማመጥ ክብደቱ ኳሱን ከቤቱ ጎትቶ ሊያወጣው የሚሞክርበት ነው። ስለዚህ ሲላላ አይታገስም። ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፍና መኪናው በአፍንጫው ይወርዳል። አሮጌ ታኮማ የገዛችሁ የመኪናውን ቪን፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥር፣ በመንግስት የሪኮል ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ያልተሰራ ሪኮል ካለ ዲለሩ በነጻ ነው የሚሰራው።

እንግዲህ ወደ ምርመራው። ሜዳ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ስር ታኮ አድርጉ። በክሪክ አንሱና ከሻንሲው ስር ጠንካራው ቦታ ላይ የብረት ስታንድ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር አይገባም። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን አውቀነው እንገባለን።

ማክፈርሰን ከሆነ ጎማው ተንጠልጥሎ ይቆይ። አንድ እጅ ከጎማው አናት፣ አንዱ ከታች። እንደ ፈረንጅ ሰዓት 12 እና 6 ላይ ማለት ነው። አንዱን ግፉ፣ አንዱን ሳቡ፣ ነቅንቁት። ክፍተት ከተሰማችሁ ወዲያው ቦል ጆይንት ነው አትበሉ። ልጃችሁን ጥሩና ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ተረግጦ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው። ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ ሂዱ። ይቺ ትንሽ ዘዴ ስንት ሰው ያልተበላ ዕቃ ከመግዛት እንዳዳነች አልነግራችሁም።

ቀጥሎ ረጅም የብረት መፈልቀቂያ አምጡና በኮንትሮል አርሙና በናክሉ መካከል አስገብታችሁ ወደታች ጫን ለቀቅ አድርጉ። ናክል የምለው ጎማው፣ ፍሬኑና መሪው የሚገናኙበትን ያን ትልቅ ብረት ነው። ዓይናችሁ መገጣጠሚያው ላይ ይሁን። ደህና ቦል ጆይንት ዝም ይላል። የተበላው ከፍ ዝቅ ሲል በዓይን ይታያል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ላስቲኩን ብቻ እንዳታጨመድዱት ጥንቃቄ አድርጉ፤ ጤነኛውን ስትመረምሩ ቡቱን ከቀደዳችሁት በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ሞላው ታችኛው አርም ላይ የተቀመጠ መኪና ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በሻንሲው ብታነሱት ሞላው አርሙን ወደታች እየገፋ ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል፤ የተበላ እንኳ ቢሆን ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ክሪኩን ከአርሙ ስር፣ ለቦል ጆይንቱ ቀረብ አድርጋችሁ ነው የምታነሱት። ጎማው ከመሬት ትንሽ ለቀቅ ሲል ያኔ ነቅንቁ። በስህተት «ደህና ነው» ተብለው የሄዱ መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ ነው ያመለጡት።

አሁን እጃችሁን በጎን አድርጉ፣ 3 እና 9 ላይ። እዚህ ክፍተት ካለ የመሪው ታይ ሮድ ነው፤ መሪውን ከናክሉ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ። የውጭኛውን ጫፍ ሌላ ሰው በእጁ ይዞ እያለ ነቅንቁት፤ ሲበላ በጣት ይሰማል። የውስጠኛው እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈው ላስቲክ ውስጥ ተደብቋል፤ ላስቲኩን ጨብጣችሁ ታዳምጡታላችሁ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ኳኳታው ግን አለ እንበል። እኔ መጀመሪያ የማየው ስዌይ ባር ሊንክን ነው። ቀጭን ዘንግ ናት፣ በሁለት ጫፏ ትንንሽ ቦል ጆይንት ያላት። በቶዮታዎች ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከእሷ ነው። ርካሽ ናት፣ በሁለት ዳዶ ትወጣለች። አንዲት እህት አንድ ጋራዥ ሁለቱም ስትረት፣ ሁለቱም ኮንትሮል አርም ይቀየር ብሏት፣ ከ1,000 ዶላር በላይ ተጠይቃ እኔ ጋ መጣች። ሁለቱንም የፊት ጎማ አንስተን ሊንኮቹን በእጃችን ነቀነቅናቸው። የግራው ብቻ ነበር። ያንን ቀይራ ወጣች።

እንግዲህ ምርመራው ቦል ጆይንት ነው ካለን ወደ መፍታቱ እንሂድ። ምሳሌ ላድርግ የምወደው የ2003 እስከ 2008 ኮሮላን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ስላላችሁም፣ ለጀማሪ ስለሚስማማም። ቦል ጆይንቱ ከአርሙ ጋር የሚያያዘው በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ ነው፣ በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ከናክሉ ጋር ደግሞ ከኳሱ የወጣው ምሰሶ ሾጣጣ ሆኖ በሾጣጣ ቀዳዳ ይገባና አናቱ ላይ ባለ ጥርስ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶዋ እንዳትፈታ ኮተር ፒን ትቆልፋታለች፤ ያቺ ሁለት እግር ያላት ሽቦ።

የዝገት ዘይት ከዋዜማው ጀምሮ እርጩ። ጠዋት ላይ ድጋሚ። እዚህ አገር ከሚፈታው ብሎን ይልቅ የሚሰበረው ይበዛል፤ ምክንያቱ ያው ጨው ነው። የጎማ ዳዶዎቹን፣ 21 ቁልፍ ናቸው፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉ። ከዚያ አንሱ፣ ስታንድ አስገቡ፣ ጎማውን አውጡ። ያወጣችሁትን ጎማ ከሻንሲው ስር አጋድማችሁ ተዉት፤ ስታንዱ ቢከዳችሁ መኪናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ኮሮላ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ባለ ጥርሷ ዳዶ አናት ላይ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ የሲቪ አክስሉ፣ መገጣጠሚያ አለ፣ ቦታው ጠባብ ነው። ቁልፍ ማዞሪያ ቦታ አጥቶ ሰው የሚሳደበው እዚህ ጋ ነው። የአክስሉን ዳዶ ፈትቶ አክስሉን ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ስራውን ያቀለዋል። ያንን ስታደርጉ ናክሉን በጣም ወደ ውጭ አትጎትቱ፤ የአክስሉ የውስጥ ጫፍ ሊወልቅ ይችላል፣ ያኔ የአንድ ቀን ስራ ሁለት ይሆናል። የፍሬኑ ቱቦም፣ የኤቢኤሱም ሽቦ እንዳይወጠር አስተውሉ።

ሾጣጣውን ማላቀቅ ነው ዋናው ግብግብ። ዳዶው ተፈትቶም ምሰሶው ንቅንቅ አይልም፤ ሁለቱ ብረቶች ተናክሰዋል። ዳዶውን ጨርሳችሁ አታውልቁት፤ ጥቂት ዙር ይዞ ይቆይ። ድንገት ሲላቀቅ ናክሉ በረንዳ አቋርጦ እንዳይሄድ ይይዘዋል።

ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው መዶሻ ነው። ምሰሶውን አናቱን አትምቱት። የምትመቱት ምሰሶው ያለፈበትን የናክሉን ጉንጭ ነው፣ በጎኑ፣ በጠንካራ መዶሻ። ቀዳዳው ለቅጽበት ቅርጹን ይስትና ይለቀዋል። ሲለቅ ድምፁን ትሰሙታላችሁ። የድሮ መካኒኮች ይሄኛውን ይመርጣሉ፤ እኔም ቦታ ካገኘሁ እሱን ነው የማደርገው። ሁለተኛው በመዶሻ እየተመታ የሚገባ ሹካ ነው። ይሰራል፣ ግን ቡቱን ይቀድዳል። የምትጥሉትን ቦል ጆይንት ከሆነ ግድ የለም፤ መልሳችሁ የምትጠቀሙበትን ታይ ሮድ ግን በሹካ አትንኩት። ሶስተኛው በብሎን የሚጨምቅ ማላቀቂያ ነው። ንጹህ ስራ ይሰራል። ግዙ አልላችሁም። የመለዋወጫ ሱቆቹ አውቶዞንና ኦራይሊ ያበድራሉ፤ መያዣ ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃውን ስትመልሱ ሙሉው ይመለስላችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ለአንድ ቀን ስራ መሳሪያ ገዝቶ ጋራዡን ይሞላል። እሳት ግን አታምጡ። ግራሶም ላስቲክም ያለበት ቦታ ነው፣ የብረቱንም ጥንካሬ ያበላሻል።

አዲሱ ሲገባ ሾጣጣውን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ አጽዱት። ዘይትም ግራሶም አይቀባም፤ ደረቅ ለደረቅ ነው የሚናከሱት። ዳዶውን ስታጠብቁት ምሰሶው አብሮ ቢሽከረከር ከስር በክሪክ በቀስታ ገፋ አድርጉት፤ ሾጣጣው ሲይዝ ይቆማል። የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ቁጥሩን ከመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ፤ በአንድ ዓይነት ስም የሚጠሩ መኪኖች ከዓመት ዓመት ይለያያሉ። ቁጥሩ ላይ ስትደርሱ የዳዶው ጥርስና የምሰሶው ቀዳዳ ካልገጠመ፣ ጨምራችሁ ወደሚቀጥለው ጥርስ ሂዱ። ለማስገጠም ብላችሁ ወደኋላ አታላሉ። ኮተር ፒኗ ደግሞ አዲስ ትሁን። የታጠፈች ሽቦ መልሳ ስትታጠፍ ትሰበራለች፤ የሳንቲም ዕቃ ናት።

የጎማ ዳዶዎቹ በኮሮላም በካምሪም 76 ፉት ፓውንድ ናቸው፣ ወይም 103 ኒውተን ሜትር። እየዘለላችሁ በመስቀል አጥብቁ። ጎማ ቤት ውስጥ በአየር ሽጉጥ ሲያጠብቁት እንደምታዩት አታድርጉ፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስባችሁ በእጅ የሚፈታ አይሆንም።

አንዳንድ መኪና ላይ ቦል ጆይንቱ ብቻውን አይሸጥም፣ ወይም ከአርሙ ጋር አብሮ መቀየሩ ይሻላል። አርሙ የሻንሲው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ላስቲኮች፣ ቡሽ የምንላቸው፣ ከተሰነጠቁ ሙሉውን ግዙ። እዚህ ጋ ግን ብዙ ባለሙያ ነኝ የሚልም የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቡሹ ላስቲክ ከውጭ ብረቱም ከውስጥ ብረቱም ጋር ተጣብቆ ነው የተሰራው። አይሽከረከርም፤ ይጠማዘዛል እንጂ። አርሙ ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑን ጠብቀን ካሰርነው፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል። መኪናው ቆሞ እንኳ እንደተጠመዘዘ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ይጨምርበታል። እንዲህ ሆኖ የታሰረ አዲስ ቡሽ ገና ሳያረጅ ይሰነጠቃል፣ ባለቤቱም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ዕቃው ምንም አላደረገም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቡሾቹን ብሎኖች በእጅ ብቻ አስገቡ። ከዚያ በክሪክ አርሙን ከስሩ አንሱት፣ መኪናው መሬት ላይ ሲቆም የሚኖረው ከፍታ ላይ እስኪደርስ። ወይም መኪናውን በራምፕ ላይ በጎማው አውርዱት። ያኔ ነው በመጨረሻ የምታጠብቁት። ቪዲዮዎቹ ላይ ይህን የሚያሳየው ጥቂቱ ነው።

ታይ ሮድ ከሆነ የምትቀይሩት፣ ከመፍታታችሁ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሲወጣም ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠሩ። አዲሱን በዚያው ዙር አስገቡት። የጫፉ ዳዶ በኮሮላ 36 ፉት ፓውንድ ነው። ይህ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ የጎማዎቹ አቅጣጫ በማሽን የሚስተካከልበት አላይመንት ቤት እንዲደርስ ነው እንጂ አላይመንትን አይተካም። በዙር የተቆጠረ መሪ ለዓይን ልክ ይመስላል፣ ጎማውን ግን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። አንድ ጥንድ ጎማ ከአላይመንት በላይ ያስወጣችኋል። ቦል ጆይንት ብቻም ብትቀይሩ አስለኩት እላለሁ።

ስለ ዕቃ ጥራት ስጠየቅ አጭር ነው መልሴ። ወይ የፋብሪካውን ኦሪጅናል፣ ወይ ታዋቂ የጃፓን ዕቃ። ለቶዮታ 555 የሚል ምልክት ያለውን የጃፓን ስሪት አገር ቤትም የምታውቁት ነው። የግራሶ አፍ ያለው የተሻለ ነው የሚል ወሬ አለ። ይሻላል፣ ግራሶ የምታስገቡ ከሆነ። እስቲ እጃችሁን አንሱ፣ ቤቱ የግራሶ ፓምፕ ያለው ማን ነው? አያችሁ። የማታስገቡ ከሆነ የታሸገውን ግዙ። ግራሶ ስታስገቡ ደግሞ ቡቱ ትንሽ እስኪነፋ ብቻ፤ ካፈነዳችሁት ከነጭራሹ ቢቀር ይሻል ነበር።

የትኛውን ቤት ውስጥ አትንኩ እላለሁ? የ2012ና ከዚያ በፊት የሆንዳ አኮርዶች የታችኛው ቦል ጆይንት በኃይል ተጨምቆ ናክሉ ውስጥ የገባ ነው። የሚጨምቀውን መሳሪያ መበደር ይቻላል፣ ቦታው ላይ ማስተካከሉ ግን ልምድ ይጠይቃል። ዝገት ካለበት ናክሉን ፈትታችሁ ብቻውን ተሸክማችሁ ማሽን ቤት ውሰዱት፤ ለመጨመቅ ብቻ የሚጠይቁት ትንሽ ነው። በሪቪት የታሰሩም አሉ፣ ፒክአፖች ላይ። ሪቪቱ ተበስቶ ነው የሚወጣው፣ አዲሱ በብሎን ይመጣል። ትዕግስት ላለው ሰው ይቻላል። ሞላው አርሙ ላይ ለብቻው የተቀመጠ መኪና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሩት ከሆነ እኔ አልመክርም።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ጋሼ «እኔ አፓርትመንት ነው የምኖረው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ብሰራው ያባርሩኛል?» አሉ። ጋሼ፣ የኪራይ ውልዎን ያንብቡት። ብዙዎቹ መኪና መጠገን አይፈቅዱም፤ በስታንድ ላይ ጎማ ሳይኖረው ያደረ መኪና ደግሞ ቶው ይደረጋል፣ ተጎትቶ ይወሰዳል። ምርመራውን ግን ማንም አይከለክልዎትም፤ የሩብ ሰዓት ነገር ነው። ስራውን ድራይቭዌይ ያለው ዘመድ ቤት ያድርጉት። ኮንክሪት ላይ ይሁን፤ አስፋልት በበጋ ሙቀት ይለሰልስና የስታንዱ እግር ይሰጥማል። ካልሆነ ጠፍጣፋ ወፍራም ጣውላ ከስሩ ያንጥፉ።

አንዲት ኡበር የምትሰራ እህት ደግሞ «15 ቀን ተሰጥቶኛል፣ እስከዚያ ብሰራበትስ?» አለችኝ። እህቴ፣ 15 ቀኑ ወረቀቱ የሰጠሽ ነው፣ ቦል ጆይንቱ አልሰጠሽም። ሊንክ ከሆነ ድምፁን ታግሰሽ ስሪ። ታይ ሮድ ወይም ቦል ጆይንት ላልቶ ከሆነ ሰው አሳፍረሽ ፈጣኑ መንገድ 495 ላይ እንዳትወጪ። ወደ ጥገናው ቦታ በቀስታ፣ በትንሹ መንገድ። በመፈልቀቂያው ስትነኪው ኳሱ ከቤቱ ሲወጣ ሲገባ የሚታይ ከሆነ ደግሞ በቶው ይሂድ።

የመጨረሻው ጠያቂ ወጣት ነው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ ኮሮላ አለው፣ ከዚህ ቦል ጆይንት ገዝቶ ሊልክለት ይፈልጋል። ላክለት፣ ግን «ኮሮላ፣ 2006» ብለህ አትግዛ። አገር ቤት ያሉት ከጃፓንም፣ ከአውሮፓም፣ ከዱባይም የገቡ ናቸው፤ አሜሪካ ከተሸጠው ጋር ስማቸው አንድ ሆኖ እግራቸው ሊለያይ ይችላል። ወንድምህ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ የወለቀውንም ቦል ጆይንት ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ያንሳው። ቁጥሩን ዲለር ቤት የዕቃ መስኮት ላይ ስጣቸውና የፓርት ቁጥሩን ያውጡልህ፤ የአሜሪካ ስሪት ስላልሆነ ኮምፒውተራቸው ካላወጣው ፎቶው ላይ ያለውን የምሰሶ ርዝመትና የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት አመሳክር። ካልገጠመልህ አዲስ አበባ ይግዛ። ከገጠመልህ ከካርቶኑ ሳታወጣ ላከው፣ ቡቱ ሻንጣ ውስጥ በሌላ ብረት እንዳይቀደድ። ኮተር ፒን አብሮት መኖሩንም ከፍተህ እይ።